የታሸገ ሳንቲም ይከፈት ወይስ አይከፈት? ስለ ገንዘባችን ታሪክና እድራችን ስለ ገጠመው ጉዳይ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ነቀምቴ ከተማ ታሪክ፣ ስለ ሰፈራችን አመሠራረትና ስለ ቀድሞ አባቶቻችን የሚጽፉ ወንድሞች እንዳሉ ይታወቃል። ዘንድሮ ግን ስለ ገንዘብ ታሪክ ጥቂት እንድንጽፍ ያስገደደን አንድ ጉዳይ አለ። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ ወንድምና እኅት ሊያኮራርፍ ደርሶ ስለ ነበረ፣ ለሌላውም ቤት ትምህርት ይሆናል በማለት አቅርበነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ከቀደምት አባሎቻችን አንዱ አረፉ። ቀብሩም ሐዘኑም በደንቡ ከተፈጸመ በኋላ ባለቤታቸው የእድሩን ኮሚቴ ጠርተው፣ «ልጆቼ፣ የእሳቸውን ሣጥን እናንተ ባላችሁበት እንክፈተው፤ ኋላ ‹ይኸ ነበረ፣ ያ ጠፋ› እንዳይባል» አሉን። በሦስት እማኞች ፊት ተከፈተ፤ ያለውም ንብረት ተመዘገበ። ከወረቀቱና ከልብሱ ሥር ሦስት ጠገራ ብር ተገኘ፤ አንደኛው በድሪ ላይ እንዲንጠለጠል ጆሮ የተበየደለት ነው። ከነሱም ጋራ በካርቶን ውስጥ አንድ የታሸገ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ማኅደር ነበረ። በውስጡ አምስት ሳንቲሞች ተደርድረዋል፤ ባለ አንድ፣ ባለ አምስት፣ ባለ አሥር፣ ባለ ሃያ አምስትና ባለ ሃምሳ። ዓመቱ 1969 ይላል። ሁላችንም በኪሳችን ስንይዛቸው የኖርናቸው ሳንቲሞች ናቸው። ይሁን እንጂ እነዚህ እንደ መስታወት ያበራሉ፤ ፊት ያሳያሉ።

ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበርና ወዲያው፣ «ይኸማ ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ ከፍተን አጥርተን ውጭ አገር ልከን ደረጃ እናስወጣለት» አለ። ሴት ልጃቸው ደግሞ፣ «አባባ አርባ ዓመት ያልከፈተውን እኛ በአርባ ቀኑ አንከፍተውም» አለች። ክርክሩ እየጋለ ሲሄድ እናትየው፣ «እድሩ አጥንቶ ይንገረን፤ እሱ ያለውን እንቀበላለን» ብለው ዘጉት። እንግዲህ ጥናቱ በእኛ ላይ ወደቀ።

እኛ የተማርነው እስከ አንደኛ ደረጃ ብቻ ነው። ዕድሜያችንንም የጨረስነው በመዝገብ ቤት ነው። ሆኖም በመዝገብ ቤት አንድ ነገር ተምረናል፤ የታሸገ ፖስታ ምክንያቱ ሳይታወቅና እማኝ ሳይኖር አይከፈትም። ከተከፈተ በኋላ «አልተከፈተም ነበር» ማለት አይቻልምና። ስለዚህ አስቀድመን የነገሩን ሥር መመርመር ጀመርን።

ስለ ገንዘባችን ታሪክ

በአገራችን የብረት ገንዘብ ታሪክ እጅግ የቆየ ነው። አክሱም በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ ከወርቅና ከብር ገንዘብ መምታት ጀምራ ነበር፤ ከዚያም እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ድረስ የነሐሱ ሳይቀር ሲመታ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ግን፣ ሐረር ለራሷ ከመታቻቸው ጥቃቅን ገንዘቦች በቀር፣ ከሺህ ዓመት በላይ አገሩ የራሱ መሐለቅ አልነበረውም። ገበያው የሚሠራው በአሞሌ ጨው፣ በብረት፣ በጨርቅና በወርቅ ነበረ። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተነሥቶ በግመልና በአጋሰስ ተጭኖ ስለሚመጣ፣ ወደ ምዕራብ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄድ ነበር። በወለጋ ገበያ ጨው ውድ ነው ሲባል ምክንያቱ ይኸው ነው።

ጠገራ ብር የተባለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ነው። ገንዘቧ ግን ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ እስከ ዛሬ ይመታል። ይኸንን ብዙ ሰው አያውቀውም። «1780 ይላል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ ነው» ብሎ የሚከራከር አለ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮማ ላይ አስመትቷል፤ እንግሊዞችም ለንደን ላይ መትተዋል። የቪየና ማምረቻ ዛሬም ይመታዋል፤ እንደ መስታወት የሚያበራውንም ዓይነት ለሰብሳቢዎች ይሸጣል። ስለዚህ ዓመቱን ብቻ አይቶ ዕድሜውን መናገር አይቻልም።

የጠገራ ክብደት 28 ግራም ያህል ነው፤ ከዚህ ውስጥ ከ23 ግራም የሚበልጠው ንጹሕ ብር ነው። የድሮ ነጋዴ ሲቀበል በእጁ ይመዝነዋል፣ በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል፣ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዘጠኝ ዕንቁዎች ይቆጥራል። ዕንቁው የተፋቀበትን አይቀበልም። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም በዚሁ በአንድ ጠገራ ክብደት ነበረ። የወለጋ ወርቅ፣ የነጆው ሆነ የቤኒ ሻንጉሉ፣ በወቄት እየተመዘነ ነው ለግብርም ለንግድም የወጣው። በደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ ዘመን ከለቀ ነቀምቴ ወደ ሸዋ ይላክ የነበረው ግብር ወርቅና የዝሆን ጥርስ እንደ ነበረ ሽማግሌዎቻችን ሲናገሩ ሰምተናል። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ በተደረገው ውል መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ የደምቢ ዶሎና የጎሬ ቡና በባሮ ወንዝ በጀልባ ወደ ሱዳን ሲወርድ፣ ጠገራው በምትኩ ወደ ላይ ይወጣ ነበር።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የራሳችን ገንዘብ እንዲሠራ አዋጅ አስነገሩ፤ ሥዕላቸውና የይሁዳ አንበሳ ያለበትም ብር ፓሪስ ላይ ተመታ። በላዩም 1887 የሚል አለበት። ከሙሉ ብሩ ጋራ አላድ፣ ሩብና ግርሽ ወጡ። በኦሮምኛ ብርን «ቀርሺ» የምንለው ከዚሁ ከግርሽ ጋራ የሚዛመድ ቃል ነው። ሆኖም ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ አልለቅም አለ፤ የምኒልክም ብር ጠገራን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። ሰው የሚያምነው የለመደውን ነውና።

ጠላት ከወጣ በኋላ የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ለጥቂት ዓመታት ሠራ። ሃምሳ ሳንቲምን እስከ ዛሬ «ሽልንግ» የምንለው የዚያን ጊዜ ቅሪት ነው። ከዚያም ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ታወጀ። ሳንቲሞቹ በአሜሪካን አገር ፊላደልፊያ ላይ የተመቱ ሲሆን፣ ሃምሳው ከብር፣ የቀሩት ከመዳብ ነበሩ። ሁሉም 1936 ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተመቱት የመዳብ ሳንቲሞችም ያንኑ ዓመት ይዘው ነው የወጡት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅም የሚያስተምርም ነገር አለ። የመጀመሪያው ስሙኒ እንደ ሽልንጉ ክብ ስለ ነበረ፣ አታላዮች መዳቡን ብር እየቀቡ ሃምሳ ነው እያሉ ይከፍሉበት ጀመር። ስለዚህ መንግሥት ስሙኒውን ሰብስቦ ዙሪያውን እንደ አበባ ቅጠል አስከረከመው። ያ ዙሪያው ጥርስ ጥርስ ያለው ስሙኒ የመጣው እንዲህ ነው። እንግዲህ ሳንቲምን አስመስሎ ማታለል የዛሬ ሰው ያመጣው ነገር አይደለም።

በመጨረሻም ጥቅምት 4 ቀን 1969 ዓ.ም. የገንዘብ ለውጥ ሆነ። እኛ ያን ጊዜ ልጆች ነበርን። በሳንቲሞቹ ላይ የንጉሡ መልክ ቀርቶ የአንበሳ ራስ ወጣ። በጀርባቸውም በአንዱ ሳንቲም ላይ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ በአምስቱ ላይ ጠመንጃ የያዘ ታጋይ፣ በአሥሩ ላይ የደጋ አጋዘን፣ በሃያ አምስቱ ላይ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት፣ በሃምሳው ላይ ደግሞ በኅብረት የቆሙ ሰዎች ናቸው። አንዱ ከአልሙኒየም፣ አምስቱና አሥሩ ከነሐስ መሳይ ብረት፣ ሃያ አምስቱና ሃምሳው ከመዳብና ከኒኬል ድብልቅ ተሠሩ። የእድራችን መዋጮ በነዚሁ ሳንቲሞች በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ሲሰበሰብ እናስታውሳለን።

ፕሩፍ ማለት ምን ማለት ነው?

በሟቹ ሣጥን የተገኘው ማኅደር በእንግሊዝኛ ፕሩፍ የሚባለው ዓይነት ነው። ብዙ ሰው ፕሩፍ ማለት የጥሩነት ደረጃ ይመስለዋል። እኛም እንዲያ መስሎን ነበር። ነገሩ ግን የአሠራር ስም ነው። ለገበያ የሚወጣ ሳንቲም በማሽን አንድ ጊዜ ተመትቶ ከጓደኞቹ ጋራ በከረጢት ይጣላል። ፕሩፍ ግን የመምቻው ቅርጽ ተወልውሎ፣ ብረቱም ተወልውሎ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተመትቶ፣ እጅ ሳይነካው ይታሸጋል። ለመሸመቻ ሳይሆን ለሰብሳቢ ነው የሚሠራው። በአገራችን ስም በንጉሡም በደርግም ዘመን እንዲህ ያሉ ገንዘቦች ወጥተዋል። በ1958 ዓ.ም. ለንጉሡ ሰባ አምስተኛ ልደት ባለ 10፣ 20፣ 50፣ 100 እና 200 ብር የወርቅ ገንዘቦች ተመቱ፤ ትልቁ 80 ግራም ይመዝናል። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ለዱር አራዊት ጥበቃ የዋልያ ሥዕል ያለበት ባለ 600 ብር ወርቅ ወጥቷል።

እንግዲህ ልዩነቱን ልብ በሉ። የወርቁ ገንዘብ ቢቧጨር እንኳ ወርቅነቱ ይቀራል። ጠገራም ቢፋቅ ብር ነው። በእጃችን ያለው የ1969 ማኅደር ግን አልሙኒየም፣ ነሐስ መሳይ ብረትና የመዳብና የኒኬል ድብልቅ ነው። ቢቀልጥ የአንድ ማንኪያ ዋጋ አያወጣም። ዋጋው በሙሉ እጅ ያልነካው በመሆኑ ላይ ነው። ያ ከጠፋ የቀረው ነገር የባልትና ሱቅ መልስ ነው።

ደረጃ ማስወጣት የሚባለውስ? በ1986 እና በ1987 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካን አገር ሁለት ታላላቅ የሳንቲም ደረጃ አውጪ ድርጅቶች ተቋቁመዋል። ሼልደን የሚባል ሰው በ1949 ባወጣው መለኪያ ተመሥርተው ከ1 እስከ 70 ነጥብ ይሰጣሉ፤ 70 ምንም እንከን የሌለው ነው። ሳንቲሙን መርምረው ነጥቡን ጽፈው በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። ይኸ ለገዢም ለሻጭም መተማመኛ ስለሚሆን ብርቅ ለሆነ ሳንቲም ይጠቅማል። ነገር ግን ለዚያ የመጀመሪያው ማኅደር መከፈት አለበት፤ አምስቱም አንድ በአንድ ይወጣሉ። ነጥቡ ዝቅ ብሎ ቢመጣ የቀድሞው እሽግ አይመለስም። የሚከፈለውም ክፍያ በየሳንቲሙ ነው፤ ሳንቲሙ ብዙ የሚገኝ ዓይነት ከሆነ ክፍያው ከዋጋው ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ላይ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ የሆነ ነገር ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አሮጌ ገንዘብ በፖስታ ከመላክ በፊት ጠይቆ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

የራሳችን ስሕተት

እዚህ ላይ ስሕተታችንን ብንደብቅ ጽሑፉ ሙሉ አይሆንም። ከብዙ ዓመት በፊት ከአያታችን የደረሰን አንድ የምኒልክ ብር ነበረን። ጠቁሮ ስለ ነበር ለበዓል ብለን በአመድና በሎሚ ፈትገን አነጻነው። እንደ አዲስ አበራ፤ ደስም አለን። ኋላ አዲስ አበባ ስንሄድ አሮጌ ገንዘብ ለሚያውቅ ሰው አሳየነው። አገላብጦ አየና፣ «አባቴ፣ እድፉን ያጠባችሁ መስሏችሁ ቆዳውን ገፈፋችሁት» አለን። የጠቆረው ነገር ብሩ ራሱ በዘመን ብዛት የለበሰው ልብስ ኖሯል። ፍተጋው ደግሞ በንጉሡ ጉንጭ ላይ የፀጉር ያህል ጭረት ሞልቶበታል። ብርነቱን በሚዛን ከመሸጥ በቀር ሌላ ዋጋ አልቀረለትም። ያ ሰው የተናገረን ቃል ነው ይኸንን ጉዳይ ስንመረምር በጆሯችን ይደውል የነበረው።

የደረስንበት ውሳኔ

ማኅደሩን ሳንከፍት በፀሐይ ብርሃንና በማጉያ መነጽር መረመርነው። የምንፈልገው አንድ ነገር ነበር። አንዳንድ ለስላሳ ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት እያላበ አረንጓዴ ሙጫ መሳይ ነገር ይተፋና ሳንቲሙን ይበላዋል። እንዲህ ከሆነ ማሸጊያው ራሱ ጠላት ነውና መክፈት ግድ ይሆናል። «ፈጽሞ አይከፈትም» የሚል ሰው ይኸንን መርሳት የለበትም። በእኛ ማኅደር ግን አረንጓዴ ነገር አላየንም። ባለ አንዱ አልሙኒየም ብቻ በአንድ ጎኑ እንደ ጉም ያለ ነገር ለብሷል። ልጅየው፣ «ይኸው እየተበላሸ ነው፤ ዛሬውኑ ይከፈት» አለ። እኛም ጥቂት አመንትተን ነበር። በሰኔ ያየነውን በመስከረም ደግመን ብናየው እንደ ነበረ ሆኖ አገኘነው። የጨመረ ነገር ስላልነበረ አደጋው የሚቸኮልበት እንዳልሆነ ተረዳን።

በመጨረሻው ስብሰባ ሁሉንም ለቤተ ሰቡ አስረዳን። ዝምታ ሆነ። ያን ጊዜ እናትየው ማኅደሩን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩና፣ «ይኸ ነገር ሳይከፈትም ይታያል እኮ። ከፍተን የምናየው ሌላ ምን አለ?» አሉ። ከዚያም ቀስ ብለው፣ «ገንዘብ የሚያስፈልገን ለጣራው ነው። ክረምቱ እያፈሰሰብን ነው። እሱን ነው የምትመክሩኝ» አሉ። እኛም አፈርን። ሦስት ወር ሙሉ ስለ ሳንቲም ስንመረምር የልጁ ጥድፊያ ከየት እንደ መጣ አልጠየቅንም ነበር። ልጁ ስስታም አልነበረም። የእናቱ ጣራ ነበረ ያስቸኮለው። እኅቱም ይኸንን ስትሰማ ቂሟን ተወችው።

ስለዚህ በቃለ ጉባኤ የሚከተለው ተወሰነ። ማኅደሩ አይከፈትም፤ ለእናትየው ይቆያል፤ ቀጥሎም ለሁለቱ ልጆች በጋራ ይሆናል። ጆሮ ያለው ጠገራ የድሪ ጌጥ ስለሆነ ለልጃቸው ልጅ ተሰጠ። የቀሩት ሁለቱ ጠገራዎች እንዲሸጡ ቤተ ሰቡ ተስማማ። መጀመሪያ የተጠየቀው አንጥረኛ «ግማሹ ብረት ነው» ብሎ ዋጋውን አሳንሶ ነበር። በሚዛን 28 ግራም መሆኑን፣ ከስድስቱ እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር መሆኑን ነግረነው፣ በሌላም ቦታ አስመዝነን፣ በተገቢው ዋጋ ተሸጡ። ለቆርቆሮው የጎደለውን እድሩ ከመጠባበቂያው በብድር ሞላ። ጣራው ከጥቅምት በፊት አለቀ።

ለአባላት የምንሰጠው ምክር

አንደኛ፣ አሮጌ ሳንቲም አትፈትጉ፤ በአመድም፣ በሎሚም፣ በጥርስ ሳሙናም ቢሆን። ጠርዙን እንጂ ፊቱን በጣት አትንኩ፤ የእጅ ላብ በፕሩፍ ላይ ለዘለዓለም ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ነቀምቴ ዝናብ የበዛባት ከተማ ናት፤ ቤታችንም ጢስ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ዕቃ ከማድቤትና ከእርጥብ ግድግዳ አርቃችሁ በደረቅ ቦታ አኑሩት።

ሦስተኛ፣ «አሮጌ ሳንቲም ሚሊዮን ያወጣል» እያለ በየቤቱ የሚዞር ደላላ አለ፤ አትመኑት። አስቀድማችሁ ምን እንደ ያዛችሁ እወቁ፤ ዋጋው በብረቱ ነው ወይስ ባልተነካነቱ? መልሱን ካወቃችሁ ይከፈት ወይም አይከፈት የሚለው ራሱ ይመለሳል።

አራተኛ፣ የወረቀት ብር እንደ ሳንቲም አይቆጠርም። በ2013 ዓ.ም. ለውጥ ጊዜ ሦስት ወር ነበር የተሰጠው፤ በትራስ ሥር የደበቀ ሰው ወረቀት ታቅፎ ቀርቷል።

አምስተኛ፣ ሣጥናችሁ ውስጥ ያለውን ነገር ለምን እንዳስቀመጣችሁት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ተዉ። ሟቹ አባላችን አንድ መስመር ጽፈው ቢሆን ኖሮ ልጆቻቸው ባልተከራከሩ ነበር።

በጠገራ ብር ጠርዝ ዙሪያ በላቲን የተጻፈ ቃል አለ፤ ፍችውም «በፍትሕና በምሕረት» ማለት ነው። ጽሑፉ በጠርዙ ላይ የተደረገው ሌባ ብሩን እንዳይከረክመው ነው ይባላል። እኛ ግን እድር የንብረት ጉዳይ ሲቀርብለት እንዴት መፍረድ እንዳለበት የሚናገር መስሎ ታይቶናል። የሟቹን ነፍስ ይማርልን፤ ለቤተ ሰባቸው መጽናናትን፣ ለሁላችንም በሰላም የምንገናኝበትን ዓመት ያድርግልን።